በየዕለቱ የሚነገር መርዶ

በቁምስናችን የሚገኙ ሕሙማንንና አረጋውያንን የምንጎበኝ ጥቂት ምእመናን፣ ባለፈው ዐቢይ ጾም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሄደን ነበር። በዚያ ቤት የቀረበልን ጥያቄ በመጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከልባችን አልወጣ ስላለ ከእናንተ ጋር ልንመክርበት ወደድን።

የቤቱ እናት ዕድሜያቸው ሰማንያን ተሻግሯል። ባለቤታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ የመርሳት ሕመሙም በዚያው ሰሞን እንደ ጀመራቸው ልጆቻቸው ይናገራሉ። በየቀኑ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሟቹ ከሥራ ይመለሱበት በነበረው ሰዓት፣ እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ከበሩ አጠገብ ይቆሙና «አባታችሁ ዛሬ ምነው ዘገየ?» ይላሉ። ታላቂቱ ልጃቸው ትጉህ የቁምስናችን ምእመን ናት። «እማዬ፣ አባባ እኮ ሞቷል» ትላቸዋለች። ያን ጊዜ ደረታቸውን ይመታሉ፤ «መቼ? እንዴት ሳትነግሩኝ? ማን ቀበረው?» እያሉ ያለቅሳሉ፤ ጥቁር ልብስ አምጡልኝ ይላሉ። ራት ቀርቦ እስኪነሣ ልቅሶው ይበርዳል፤ ምክንያቱም ይረሳል። በማግሥቱ በዚያችው ሰዓት ጥያቄው እንደ አዲስ ይነሣል፤ መርዶውም እንደ አዲስ ይነገራል። ታናሽ ወንድሟ ግን ቤት በሚውልበት ቀን «ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ ሰኞ ይመጣል» ይላቸዋል፤ እናቲቱም ተመስገን ብለው ይቀመጣሉ።

እኅትና ወንድም በዚህ ነገር ተቃቅረዋል። እርሷ «የገዛ እናቴን በየቀኑ እየዋሸሁ እንዴት ለቅዱስ ቁርባን እቀርባለሁ?» ትላለች። እርሱም «በየቀኑ እየገደልሻትስ እንዴት ትቀርቢያለሽ?» ብሎ ይመልስላታል። ከሁለታችን የሚበድለው ማን ነው ሲሉ ጠየቁን።

እኛም ዛሬ ስናስበው በሚያሳፍረን ችኮላ መለስን። እናቲቱ እዚያው አጠገባችን ተቀምጠው እየሰሙ፣ ሐሰት በምንም ሰበብ እንደማይፈቀድ፣ እውነት ለጊዜው ቢያምም በስተኋላ እንደሚያጽናና አስረዳን፤ ጸሎት አድርሰንም ተነሣን። ሕንፃው እንደ አብዛኞቹ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አሳንሰር የለውም። የሦስተኛውን ፎቅ ደረጃ ወርደን ሳንጨርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ከላይም ዋይታው ተሰማን። ልጅቱ ምክራችንን ፈጽማ ነበር።

ስለ ሕመሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በቋንቋችን ለእርጅና ሁለት ግሦች አሉን። አንድ ሰው «ሸመገለ» ሲባል ዕድሜ ክብር እንደ ጨመረለት፣ ለዕርቅና ለምክር እንደ ተፈለገ እንሰማለን። «ጃጀ» ሲባል ግን ከእንግዲህ ቃሉ እንደማይቆጠር፣ ቢቆጣም ቢስቅም ነገሩ እንደሚታለፍ እንረዳለን። ሁለቱ ግሦች የሚነገሩት ስለ አንድ ሰው፣ አንዳንዴም በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ሽማግሌን የምናከብረው የድንበሩን ምልክት፣ የዘመዱን ሐረግ፣ ያለፈውን ጠብና ዕርቅ ስለሚያስታውስ ብቻ ከሆነ፣ ትዝታው በጠፋ ጊዜ አክብሮታችን አብሮ ቢጠፋ አያስደንቅም። አክብሮቱ ከመጀመሪያውኑ ለሰውየው ነበር ወይስ ለትዝታው? ወደዚህ ጥያቄ ኋላ እንመለሳለን።

የመርሳት ሕመም የአንጎል በሽታ እንጂ የእርጅና ወግ አይደለም። ከዓይነቶቹ ዋነኛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ሕመምተኛን አንጎል መርምሮ የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ነው፤ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው ሕመም ይህ እንደሆነ ይገመታል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከእነዚህ ሕመሞች ጋር የሚኖሩ ሰዎች በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን እንደ ነበሩ፣ ከእነርሱም ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖሩ ገልጿል። ስለዚህ ነገሩ አንዳንዶች እንደሚሉት የፈረንጅ በሽታ አይደለም። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሰው ዓይን ወይም መተት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሕመምተኛውም ከጠበል ወደ ጠበል ይመላለሳል። በጸሎትና በጠበል የሚታመነውን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ሐኪም ሳያይ የቀረ ሰው እንዳይኖር አጥብቀን እንለምናለን። የማስታወስ ችሎታን ከሚያደክሙት ምክንያቶች የሚታከሙ አሉና፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከም፣ ከባድ ድብርት፣ ከመውደቅ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ ባልተስማማ መድኃኒት የመጣ መደናገር። የእኒህ እናት ሕመም ከእነዚህ አንዱ እንዳልሆነ በሐኪም ተረጋግጧል።

በሽታው እንደ ነዶ ክምር ከላይ ጀምሮ ነው የሚንደው። በመጨረሻ የተከመረው ቀድሞ ይሄዳል፤ ከሥር ያለው ብዙ ይቆያል። እናቲቱ የታናሽ ልጃቸውን ስም ይስታሉ፤ የአባታችን ሆይን ጸሎት ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይገድፉ ይወጡታል። ቁርስ መብላታቸውን አያውቁም፤ ቡና ሲቆሉ ግን እጃቸው አይሳሳትም። የባላቸው ሞት የመጣው አዲስ ነገር የሚመዘገብበት የአንጎላቸው ክፍል መድከም በጀመረበት ሰሞን ስለ ነበር፣ ሞቱ በልባቸው መዝገብ ሳይጻፍ ቀረ። የሞት ዜናውን በየቀኑ የሚሰሙት ረስተው እንደገና ሲነገራቸው ነው ማለት ይከብዳል፤ ለእርሳቸው ሁልጊዜም የመጀመሪያው ቀን ነው።

ስለ ቦታውም እንበል። ሀይሌ ጋርመንት፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ ከልብስ ስፌት ሥራ የተጠራ ሠፈር ነው፤ የታክሲ ረዳቶች አሳጥረው «ጋርመንት» ይሉታል። በዙሪያው ባሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከሚኖሩት ብዙዎቹ ከመሐል ከተማ የመጡ ናቸው። እኒህም እናት አርባ ዓመት ያህል የኖሩት ፒያሳ፣ ከአትክልት ተራ በስተጀርባ፣ በአንድ የቀበሌ ቤት ነበር። በሩ ሲከፈት ግቢው ይታያል፤ ጎረቤት ያልፋል፤ ቡና ሲፈላ ማንም ሳይጠራ ይመጣል። እዚህ ግን ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት ጊዜ በሌላ ፎቅ የማያውቁትን ሰው በር እያንኳኩ፣ ለምን አትከፍቱልኝም ብለው ሲያለቅሱ ተገኝተዋል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት ወደ ዳር ሠፈሮች ከተዛወሩት መካከል ስንት እንደ እርሳቸው ያሉ አረጋውያን እንዳሉ እናስባለን። የከተማውን መታደስ የምንቃወም አይደለንም፤ ለሚረሳ ሰው ግን የሚያውቀው ደጅ የትዝታው እኩሌታ መሆኑን የሚያስብ ሰው ያስፈልግ ነበር።

አንድ ነገር እንጨምር። እኒህ እናት ደጋግመው «እስቲ አትክልት ተራ ደርሼ ልምጣ፤ ቅርብ ነው» ይላሉ። ልጆቻቸው ይህን የሕመሙ ዋና ምልክት አድርገው ነበር የነገሩን፤ ፒያሳ ያሉ ይመስላታል ብለው። ይሁን እንጂ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደዚሁ ወደ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ መዛወሩን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ በእርግጥም ቅርብ ነው። እናቲቱ ይህን ከጎረቤት ሰምተው ይሁን ወይስ በአጋጣሚ ልንለይ አልቻልንም፤ ከልጆቹም ከእኛም አንድ ሰው እንኳ «ምን ሊገዙ ነው?» ብሎ እንዳልጠየቃቸው ግን እናውቃለን።

በውጭው ዓለም «ሰውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ» የሚባለው ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። ይህን ሐሳብ በመርሳት ሕሙማን እንክብካቤ ውስጥ ያስፋፉት በእንግሊዝ የብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ቶም ኪትውድ ናቸው። በወጣትነታቸው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ፤ በዑጋንዳም አስተምረዋል። ዋናውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1997፣ ካረፉበት ዓመት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ኪትውድ በእንክብካቤ ቤቶች ውስጥ ለረጅም ሰዓት እየተቀመጡ፣ ደግ ሰዎች ክፋት ሳያስቡ በሕመምተኛው ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት መዘገቡ። ከዘረዘሩት ውስጥ ማታለል አለ። የሰውን ስሜት ማስተባበልም አለ። እንደ ሕፃን ማባበል፣ ከሚችለው በላይ ማጣደፍ፣ በስሙ ፈንታ በበሽታው መጥራት፣ ፊቱ ተቀምጦ እያለ እንደሌለ ቆጥሮ ስለ እርሱ ማውራትም አሉ። ዝርዝሩን ያነበበ የእኛን ቤተሰብ በሙሉ ያገኘዋል። ወንድም በማታለል፣ እኅት በማስተባበል፣ እኛ ጎብኚዎቹም እናቲቱን ሶፋ ላይ አስቀምጠን በላያቸው በመማከራችን ተይዘናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የልጅቱን ጭንቀት አቅልለን ልናልፈው አንችልም፤ ታላላቅ አባቶች ከእርሷ ጋር ናቸውና። ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ ሐሰትን በመቃወም በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ የሚመስል ነገር አንሥቷል። አንድ በጠና የታመመ አባት የሚወደው አንድ ልጁ ሞቶበታል፤ አባት ግን አያውቅም፤ ልጄ ደኅና ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቢነግሩት በድንጋጤ ሊሞት ይችላል። ሞቷል፣ አልሞተም፣ ወይም አላውቅም ከማለት በቀር ምን መልስ አለ? ከሦስቱ ሁለቱ ሐሰት ናቸው። ቅዱሱ እንደ ሰው ልቡ በዚህ ነገር እጅግ እንደሚናወጥ አልሸሸገም፤ ቢሆንም ሐሰትን አልፈቀደም። አንድ ጊዜ ለርኅራኄ ተብሎ በሩ ከተከፈተ ማንም ሐሰተኛ ርኅራኄን ሰበብ አድርጎ እንደሚገባበት ያውቅ ነበር። እኛም እናውቃለን፤ ለአረጋውያን ጥቅም ተብሎ የሚነገረው ሐሰት ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ለተናጋሪው ዕረፍት ነው።

ይሁን እንጂ ያው ቅዱስ አባት መዋሸትና እውነትን መሰወር አንድ እንዳልሆኑ አስተምሯል፤ ቅዱስ ቶማስ አኩይናስም ይህንኑ ተከትሎ እውነትን በጥበብ ሸሽጎ ማቆየት እንደሚፈቀድ ጽፏል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2488 እና 2489 እውነትን የመስማት መብት ገደብ የሌለው እንዳልሆነ፣ ለጠየቀ ሁሉ እውነትን መግለጥ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚመዝነው የባልንጀራ ፍቅር እንደሆነ ያስረዳል። ከዚህም ሌላ፣ ቅዱስ አውግስጢኖስ ያነሣው አባት መርዶውን የሚሰማው አንድ ጊዜ ነው። የእኛ እናት ግን ላለፉት ዓመታት ስንት መቶ ጊዜ ሰምተዋል?

እዚህ ላይ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የገዛ አገራችን ወግ ረዳን። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት ይነገራል? ማንም ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ ብቻውን ሳለ፣ በመንገድ ተገናኝቶ አይረዳም። የሚቀርቡት ዘመዶች ይሰበሰባሉ፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ የንስሓ አባት ወይም ቆሞስ ይጠራል፤ ማለዳ፣ ሰውየው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ደጁ ይንኳኳል። በባዕድ አገር ያለ ከሆነ፣ የቅርብ ወዳጁ ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ስልክ የሚደውል የለም። በእነዚያ ቀናት ዝም ያለውን ማንም ሐሰተኛ ብሎት አያውቅም። እርግጥ ነው፣ ይህ ወግ ከልኩ ያለፈበት ጊዜ አለ፤ የወላጁን ሞት ከዓመታት በኋላ የሰማ፣ ሳይቀብር ሳያለቅስ የቀረ፣ እስከ ዛሬም ቤተሰቡን ያልማረ ሰው እናውቃለን። የወጉ ፍሬ ነገር ግን ትክክል ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው እንዲያለቅስ፣ ለቀስተኛ እንዲቀበል፣ አርባውን እንዲያወጣ፣ ቀስ በቀስም ሟቹን ለእግዚአብሔር አስረክቦ እንዲጽናና ነው። ልቅሶ መንገድ ነው፤ መድረሻ አለው።

ለእኒህ እናት ግን ያ መንገድ ተቆርጧል። ዛሬ ያለቀሱት ለነገ አያሻግራቸውም፤ አርባው አይወጣም። መርዶው ይነገራል፤ መጽናናቱ ግን ከቶ አይመጣም። በዚያ ላይ የሚነገረው ምግብ እየተሠራ፣ በር ላይ ቆመው፣ የደከመች ልጅ ከኋላ ጮክ ብላ ነው። ልጅቱ የተናገረችው ቃል እውነት ነው፤ መርዶን እንዲህ አድርጎ መናገር ግን በአገራችን ለማንም ጤነኛ ሰው የማይደረግ ጭካኔ ነው። ለእናቷ የተደረገው እናቷ ስለሚረሱ ነው። ወንድሟም ከዚህ አይሻልም። ሰኞ ሲመጣ እናቲቱ ቀኑን ባያውቁትም፣ በሌላ ቀን ማታ ተነሥተው እንግዳ ይመጣል ብለው ምጣድ ሲጥዱ ተገኝተዋል።

በሁለተኛው ጉብኝታችን ያየነውን እንንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ ከእናቲቱ ጋር የምትውለው ልጃቸው አይደለችም፤ ከገጠር የመጣች የዐሥራ ሰባት ዓመት የቤት ሠራተኛ ናት። በከተማችን ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ሲነገር ይህች ልጅ ስሟ አይነሣም፤ ሸክሙን የምትሸከመው ግን ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ እናቲቱ ተነሥተው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። ልጅቱ መጥረጊያዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ሄደችና «ናፈቁዎት እማማ?» አለቻቸው። «ሲመጡ ምን ይዘው ነበር የሚመጡት?» እናቲቱም ወዲያው «ዳቦ ሳይዝ ገብቶ አያውቅም፤ ልጆቹ ኪሱን ይፈትሹታል» አሉ፤ ሳቁም። ከዚያ ስለ ዳቦ ቤቱ፣ ስለ ዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ስለ አንድ የክረምት ጎርፍ አወሩ። ኋላ ቡና ተቆላ። ሰዓቱ አለፈ።

ይህች ልጅ አልዋሸችም፤ ባልየው ይመጣሉ አላለችም። መርዶም አልተናገረችም። እናቲቱ የጠየቁት ስለ አንድ ሰው መኖርና አለመኖር መስሎን ነበር፤ እርሷ ግን ናፍቆት መሆኑን ሰማች። ሰውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ ምን እንደሆነ በመጻሕፍት ፈልገን ስናበቃ፣ ከእርሷ አፍ የሰማነው ሁለት አጭር ጥያቄ ነበር። ማን እንዳስተማራት ስንጠይቃት ግራ ገብቷት «ምኑን?» አለች።

ይህን ስንል እውነት ፈጽሞ ትሰወር ማለታችን አይደለም። በዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን እናቲቱ ራሳቸው ዓይን ለዓይን እያዩ «ሞቷል እንዴ?» ብለው የጠየቁ እንደሆነስ አልን። በእርግጥም እንዲህ የሚሉባቸው ቀናት አሉ። እንደ እኛ ፍርድ ከሆነ ያን ጊዜ የሚጠይቁት ለማወቅ ነው፤ ሕመምተኛ መሆናቸውም እውነትን የመስማት ክብራቸውን አይነጥቃቸውም። መልሱ ግን እንደ መርዶ ወግ ይሁን፦ እሳቱ ጠፍቶ፣ ቁጭ ተብሎ፣ እጃቸው ተይዞ፣ አብሮ ለማልቀስ ጊዜ ያለው ሰው ይናገረው። ኋላ መርሳታቸው አብሮ የተለቀሰውን ልቅሶ ከንቱ አያደርገውም። ከመካከላችን ይህን የማይቀበል አለ፤ ያን ቀንም ቢሆን ማለፍ ይሻላል ይላል፤ ምክንያቱንም አንንቅም።

ልጃቸው በዚያ ቀን ደረጃው ድረስ ሸኝታን ስታበቃ «እናቴ ድሮ ሄዳለች፤ ይህች ሌላ ሴት ናት» አለችን። በጥላቻ አልነበረም፤ በኀዘን ነበር። ነገር ግን ፈላስፎችም ብለውታል። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 ስለ ሰው ማንነት በጻፈው ምዕራፍ፣ አንድን ሰው የትናንቱ ራሱ የሚያደርገው ያለፈውን እንደ ራሱ አድርጎ ማሰቡ ነው ብሎ ነበር። ይህ ከሆነ ትዝታ ሲቆረጥ ሰውየውም ይቆረጣል። ኪትውድ ይህን ተቃወሙ፤ ሰውነት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ የታሰረ ነገር ሳይሆን ሰዎች እርስ በርሳቸው በሚኖራቸው ግንኙነት ለአንዱ የሚሰጡት ክብር ነው አሉ። እኛ ከኪትውድ ብዙ ተምረናል፤ እዚህ ላይ ግን አንከተላቸውም። ሰውነት ሰዎች የሚሰጡት ከሆነ ሰዎች ሊነሡትም ይችላሉ፤ በር ተቆልፎባቸው ማንም ሳያያቸው የሚውሉት አረጋዊት ሰው መሆናቸው ሊቀር ነው። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 «ዲግኒታስ ኢንፊኒታ» በተሰኘው መግለጫዋ እንዳስተማረችው፣ የሰው ክብር በመጀመሪያ ከመኖሩ ጋር በእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ከማሰብ ወይም ከማስታወስ ችሎታ የሚመነጭ አይደለም። ሆኖም ኪትውድ የሚወቅሱን በትክክል ነው፤ ክብሩ የማይጠፋ መሆኑን እየመሰከርን በኑሮ ልንረግጠው እንችላለንና። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ልጅ አባቱን፣ አእምሮው ቢደክም እንኳ፣ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ያዘዘው ይህ አደጋ ከጥንትም ስለ ነበረ ይመስለናል።

አደጋው በቋንቋችን ይታያል። የአክብሮት አጠራር ያለው ሕዝብ ነን፤ ሰውን መናቅ ስንጀምር አስቀድሞ የሚከዳን ግሡ ነው። ትናንት «ይብሉ» ይባሉ የነበሩት አባት ዛሬ «ብላ፣ ዋጥ አድርግ» ይባላሉ። እርግጥ ብዙዎቻችን እናታችንን በፍቅር «አንቺ» እንላለን፤ ያ ሌላ ነው፤ ከልጅነት የመጣ ነው። የምንናገረው ሕመሙ ከገባ በኋላ በጎረቤትና በዘመድ አፍ ስለሚለወጠው አጠራር ነው። ከዚህም የባሰ አንድ ልማድ አለን፤ እኛም ጎብኚዎቹ በመጀመሪያው ቀን አድርገነዋል። ገብተን ሰላም ካልን በኋላ «አወቁኝ? ማን ነኝ?» ብለን ፈተንናቸው። የማያልፉትን ፈተና በሰው ፊት መፈተን ምን ያህል እንደሚያሳፍር ከፊታቸው አየን፤ በሚቀጥለው ገና ከበሩ ስማችንን ተናግረን ገባን።

ስለ ተቋማት ብዙ አንናገርም። የማዘር ተሬዛ እኅቶች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የተጣሉትን ሲቀበሉ ኖረዋል፤ በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» በሚል መሪ ቃሉ ይታወቃል። እነዚህ በአመዛኙ ቤት ለሌላቸው ናቸው። ቤትና ልጅ ኖሯቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖሩት ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ ልጅቱ ገበያ ደርሳ እንድትመለስ፣ ሠራተኛይቱም እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ ሁለት ሰዓት አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው። ይህን ዕድርና ቁምስና ያለ ገንዘብ ሊያደርጉት ይችላሉ። እኛም ከጾሙ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ በተራ እየሄድን ነው። ባለፈው ወር እናቲቱን ደግፈን፣ ደረጃውን እያረፍን ወርደን፣ አትክልት ተራ ወስደናቸው ነበር። ቲማቲሙን አንድ በአንድ እያገላበጡ መረጡ፤ በዋጋው ተከራከሩ፤ ነጋዴውን ውድ ነህ ብለው ጥለውት ሄዱ።

እኅትና ወንድም ገና በሁሉ ነገር አልተስማሙም። እርሷ አሁን ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ምድጃውን ታጠፋለች፤ ቁጭ ብላ ስለ ዳቦው ትጠይቃቸዋለች፤ አንዳንድ ቀን ሲደክማት የድሮው መልስ ከአፏ ያመልጣል። እርሱም «ሰኞ» ማለቱን ሙሉ በሙሉ አልተወም። በእኛም በኩል አዲስ ነገር ገጥሞናል። ከመካከላችን አንዷን እናቲቱ በልጅነቷ በሞተች ታናሽ እኅታቸው ስም ይጠሯታል፤ በገባች ቁጥር ጉንጯን ይስማሉ፤ እናታችን ተሻላት ወይ ብለው ይጠይቋታል። ምን ብላ መመለስ እንዳለባት ሁለት ሐሙስ ተወያይተንበት ገና አልቆረጥንም።